ለቧንቧው ዜሮ

እኛ ዘንድ እንግዳ ቤት ገብቶ «እንዴት ናችሁ?» ሲል፣ ላሟ ሞታም ቢሆን፣ ጣሪያው እያፈሰሰም ቢሆን መልሱ አንድ ነው፤ ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉድለትን ለእንግዳ መዘርዘር ነውር ነው። እኔም በዚሁ ወግ አድጌ፣ ልጆቼንም በዚሁ አሳድጌአለሁ። ይህ ወግ ስብሰባ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ግን ያየሁት፣ የልጅ ልጄ ሁለተኛ ልጇን ለመውለድ ከበዴሳ ከተማ ወደ እኔ በመጣችበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውን የወለደችው እዚሁ፣ የእኛ ቀበሌ ጤና ጣቢያ ነበር። ምጡ ደኅና ሄደ፣ አዋላጇም ከአጠገቧ አልተለየችም። ማዋለጃው ክፍል ውስጥ ግን ውሃ አልነበረም። ከምንጭ ተሸክሜ ያመጣሁት ጀሪካን መሃል ላይ አለቀና ልጅቷ ከነደሟ ተኛች። አሁን ሆዷ ሲገፋ እንዲህ አለችኝ፤

«እማማ፣ እዚያ ሁለተኛ አልሄድም። እዚሁ እቤት እወልዳለሁ።»

እህቴ እቤት ስትወልድ ደም ፈሷት እጄ ላይ ነው የሞተችው። ይህን ነገርኳት። አለቀሰች፣ ሐሳቧን ግን አልቀየረችም። «ውሃ ይኑርና እሄዳለሁ» አለች። እልኸኛ ናት። ከማን እንደወረሰችው ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

በዚያው ሰሞን ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። ከወረዳ አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ ትልቅ ወረቀት ዛፍ ላይ ሰቀለ። ለጤና ጣቢያው አገልግሎት ከአምስት ነጥብ እንድንሰጥ ነበር የተጠራነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊና አዋላጇ ፊት ለፊታችን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባለሙያው በአማርኛ ይጠይቃል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ወላይትኛ ይመልሳል።

«ንጽህናው እንዴት ነው?»

«ሎኦ» አለ ሕዝቡ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። አምስት ተጻፈ።

«መድኃኒቱስ?»

«ሎኦ።» አምስት።

«ውሃውስ?»

አሁንስ አንድ ሰው ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። «ሎኦ» አለች ከጎኔ የተቀመጠችው ጎረቤቴ። በክርኔ ጎሸም አደረግኋት።

«አንቺ፣ ምራትሽ የታጠበችው በጀሪካን አይደለም እንዴ?»

«ዝም በይ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሰው ፊት እንዴት ይባላል? ደግሞ ይቺን የመሰለች አዋላጅ ያነሱብናል።»

ባለሙያው እስክሪብቶውን ሲያነሳ ብድግ አልኩ። «ቆይ ልጄ፣ አትጻፍ።»

«እማማ፣ አስተያየት መጨረሻ ላይ ነው።»

«መጨረሻ ላይማ ምሳ ትሄዳላችሁ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ወደ ሕዝቡ ዞሬ በቋንቋችን ተናገርሁ። «ገበያ ወጥታችሁ ቅቤ ስትገዙ ሻጯን ‹ሎኦ› ብላችሁ ነው ወደ ቤት የምትሄዱት? ታሸታላችሁ፣ በስንጥር ትወጋላችሁ፣ መሃሉ ሙዝ እንዳይሆን ታያላችሁ። እሷም አትቀየምም፤ ገበያ ነዋ። እነዚህ ዛሬ እንግዶቻችን አይደሉም። በግብራችን የምንገዛውን ነው ይዘው የመጡት።»

«አንቺ ስትመጪማ ቅቤ ሻጮቹ ይሸሻሉ» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«ሙዝ የያዙት ናቸው የሚሸሹት» አልኩት።

ሊቀመንበሩ «ቧንቧው እኮ ተገጥሟል» አለ።

«ተገጥሟል። እንሂድና እንውጋው።»

ጤና ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነው። እኔ ፊት ፊት ሄድኩ፤ ባለሙያው ተከተለኝ፤ ከዚያ ሕዝቡ። አዋላጇ ክፍሉን ከፈተችልን። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ንፋስ ተነፈሰ፣ ዝም አለ። ጠብታ የለም።

እስከዚያ ድረስ መሬት መሬት ሲያይ የነበረው ኃላፊ ያን ጊዜ ተናገረ። «ወደ ሮቶው ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ከተቃጠለ ቆይቷል። ስጠይቅ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ለምን አልተሰጣችሁም?» አለ ባለሙያው።

«ባለፈው ጊዜ ሕዝቡ ለውሃው አምስት ሰጠና! አምስት ላገኘ ማን ፓምፕ ይሰጣል?»

ፓምፑን የከለከለን ጨዋነታችን ነበር። ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ወደ ዛፉ ተመልሰን እንደገና ጀመርን። ለንጽህናው ሦስት፣ ለመድኃኒቱ ሁለት። የሠራተኛው አቀባበል ሲደርስ ከሁሉ ቀድሜ «ለአዋላጇ አምስት» አልኩ። የልጅ ልጄ በወለደች ጊዜ የእኔ ጀሪካን ሲያልቅ፣ ሕፃኑ እንኳ እንዲታጠብ ከራሷ ቤት የቀረቻትን ጥቂት ውሃ ይዛ የሮጠች እሷ ናት። የቤቱን ጉድለት በሠራተኛዋ ላይ መጻፍ ግፍ ነው፤ ሠራተኛዋ ደግ ስለሆነች ቤቱን ሙሉ ነው ማለትም ውሸት ነው። ይህንን ስናገር አዋላጇ አንገቷን ደፋች፣ ዓይኖቿ ግን ይስቁ ነበር።

«ለውሃውስ?» አለ ባለሙያው።

«ዜሮ።»

«እማማ፣ ዝቅተኛው አንድ ነው። ዜሮ የሚባል የለም።»

«ጠብታ ካየህ አንድ ጻፍ።»

ትንሽ አሰበና ዜሮ ጻፈ። ወረቀቱም ወጪ ገቢው ሁሉ እንዲያየው ጤና ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። የእኛን ዜሮ ለማየት ብለው ከሌላ ቀበሌ የመጡ ሰዎች ነበሩ። የወረዳው ሰዎችም በዚያ በር ማለፍ ከበዳቸው መሰለኝ፣ የልጅ ልጄ ቀን ሳይደርስ አዲስ ፓምፕ በመኪና መጣ።

ምጥ ሲይዛት በባጃጅ ወሰድኳት። ማዋለጃው ክፍል እንደገባች አልጋው ላይ አልወጣችም፤ ወገቧን ይዛ በቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄደች፣ ከፈተችው። ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። እጇን ከሥሩ አድርጋ ቆየች፣ ዘጋችው፣ ከዚያ ተኛች።

ሴት ልጅ ወለደች። አዋላጇ እናትንም ልጅንም አጥባ፣ ለብ ያለ ውሃ ተርፏት መሬቱን ሁሉ አጠበችበት። ሁሉም ካለቀ በኋላ ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ «እህት፣ እንዴት ነበር አገልግሎታችን?» ብሎ ጠየቃት።

እኔ ሕፃኗን ታቅፌ መልሷን ጠበቅሁ።

«ውሃው አምስት ነው» አለች፣ ድምጿ ገና ደካማ ነው። «አልጋው ግን ይንቀጠቀጣል። ለእሱ ሁለት።»