ለቁልቁለቱ ቦታ ተዉለት

በሃያ ሦስት ዓመቱ የሚነዳው የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ አለው። ፊት ለፊቱ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ሰው። መሪውን መንገዱ ዳር ወዳለ የአፈር ቁልል ጠመዘዘና ሰዎቹን አተረፈ፤ የራሱ ቀኝ እግር ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሰባት ወር አልጋ ላይ ተኝቶ ጣሪያ ሲያይ ከረመ። ሲነሳ ትንሽ ያነክስ ነበር፤ ትዕግስቱ ግን እጥፍ ሆኖለታል። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ሰው አልነካም። ባልደረቦቹ «አባ ዝግታ» አሉት። ሚስቱም አልማረችውም፤ ለሠርጋቸው የዘገየው ፍሬን እየያዘ ነው እያለች ትተርበው ነበር።

ጡረታው አንድ ዓመት ሲቀረው የተሽከርካሪ ምርምር ክፍል ሾፌር ጠየቀና እሱን ላኩት። የሚነዳው አውቶቡስ የነዳጅም የኤሌክትሪክም ሞተር አለው። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ የጎማው መሽከርከር ኤሌክትሪክ እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል። የትኛው ሞተር መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። ፕሮግራሙን የጻፈችው በዕድሜ ልጁ የምትሆን ተመራማሪ ስትሆን፣ ሦስት ዓመት ደክማበታለች። ላብራቶሪ ውስጥ፣ ጎማው ባለበት በሚሽከረከርበት ማሽን ላይ፣ ውጤቱ ያማረ ነበር። መንገድ ሲወጣ ግን አውቶቡሱ እንደ ተራው አውቶቡስ ነዳጅ ይጠጣ ጀመር። አለቆቹም እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻሻለ ሥራው ይዘጋል አሉ። ልጅቷ ምሳ መብላት ተወች።

እሱ የመጣው ለመንዳት እንጂ ለመናገር አይደለምና ዝም ብሎ ነዳ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረጅሙን ቁልቁለት ጨርሰው ሲቆሙ ተመራማሪዋ ኮምፒዩተሯን ከደነችና ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል። እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

«ፍሬኑ ሸቶኛል» አላት። «ዳገቱን ስንወጣ የነዳጁ ሞተር ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞላው። ከዚያ ቁልቁለቱ ኤሌክትሪኩን በነፃ እንካ ቢለው የት ያስቀምጠው? ፍሬኑ ላይ ተቃጥሎ ቀረ። ሙሉ እንስራ ተሸክሞ ውኃ ሊቀዳ የሚወርድ አለ እንዴ፣ ልጄ?»

ልጅቷ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ እየሳቀች ደብተሯን አወጣች። ለካ ፕሮግራሙ የተነገረው ባትሪው እንዳይጎድል ብቻ ነበር፤ ፊቱ ዳገት ይሁን ቁልቁለት አያውቅም። ዘጠኝ ቀን አብረው ተቀምጠው እሱ መንገዱን በየኩርባው ተናገረ፣ እሷ ጻፈች። መካኒኮቹ በበሩ ባለፉ ቁጥር «ፕሮፌሰር አባ ዝግታ፣ ትምህርት እንዴት ነው?» እያሉ ያሾፉ ነበር። እሱም ለእነሱ የሚሆን ክፍል ገና አልተከፈተም ይላቸዋል።

በአሥረኛው ቀን አውቶቡሱ ዳገቱን ባትሪውን እየተጠቀመ ወጣ፤ ቁልቁለቱን እየሞላ ወረደ። ፍሬኑ አልሸተተም። ነዳጁ ከአምስት አንድ እጅ ቀነሰ፤ ሥራውም ሳይዘጋ ቀረ።

ጡረታ ሲወጣ የክፍሉ ሰዎች ሸኙት፤ አንድ ነገር ይናገሩ አሉት። ቆቡን አወለቀ።

«በሰላም አደረስከን ብሎ ያመሰገነኝ ብዙ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ከሁሉ የበለጠብኝ ግን ያቺ ልጅ ያን ሁሉ ተምራ ሳለች ግራ ገባኝ ብላ መጠየቋ ነው። ሰው የሚያውቀው ነገር እንዳለው የሚያውቀው ሲጠየቅ ነው። እኔ በስተርጅና ተጠየቅሁ፤ ተመስገን።»