ከቁርስ በኋላ የሚዋጥ

ለጭንቀቴ ሐኪም ካዘዘልኝ መድኃኒቶች የመጀመሪያው ዳያዜፓም ነበር። ባሕር ዳር ያለ አንድ ኮሌጅ ረዳት መምህር አድርጎ በቀጠረኝ ዓመት ክፍል ገብቼ ማስተማር ሲያቅተኝ፣ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብሎ ሰጠኝ። ጭንቀቱ በእርግጥ ሄደ፤ ሌላውም ነገር ሁሉ አብሮት ሄደ። በስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ነጎደ። ወደ ዓባይ ማዶ ስመለስ ባጃጁ ከሰፈሬ ብዙ ርቆ ካለፈ በኋላ ነው የነቃሁት። ሐኪሙ ልማድ እንዳይሆንብኝ ብሎ አቆመውና ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላከኝ።

እዚያ መጀመሪያ ፕሮፕራኖሎል ታዘዘልኝ። ክፍል ከመግባቴ በፊት እወስደዋለሁ። የእጄ መንቀጥቀጥ ቆመ፣ ልቤም መደለቁን ተወ፤ ሐሳቤ ግን እንደ ነበረ ነው። ጸጥ ባለ ሰውነት ውስጥ ሆኖ መፍራት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጠመኔው በጣቶቼ መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቃላቱ አይመጡም። ቀጥሎ የተሞከረው ፍሉኦክሰቲን ሆዴን እያገላበጠ እንቅልፍ ነሳኝ። የዚያው ክፍል ሐኪም ትንሽ ታገሺው አለኝ፤ ታገሥሁት፤ አልተሻለኝም። በሰርትራሊን ቀየረው።

ሰርትራሊኑ መሥራት ሲጀምር አላስተዋልሁትም። አንድ ቀን ባለሱቁ ያልጠየቅሁትን ሳሙና ሲሰጠኝ «ይሄ አይደለም» ማለቴ ትዝ ያለኝ ቤት ከደረስሁ በኋላ ነው። ቀድሞ የተሰጠኝን ይዤ ነበር የምሄደው።

የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» ተብሎ በእስክርቢቶ ተጽፎ ነበር። ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ቁርስ የለኝም፤ በሥራ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህልም ውኃም አልቀምስም። ስለዚህ መድኃኒቱም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሄደ። ቅዳሴ የቆየ ዕለት ወደ አሥራ አንድ ይገፋል፣ ቅዳሜና እሑድ ተመልሶ ጠዋት ይሆናል። ትእዛዙን በጥንቃቄ የምፈጽም ይመስለኝ ነበር፤ ከምግብ በኋላ ተብያለሁ፣ ከምግብ በኋላ ነው የምውጠው። እንቅልፌ መዛባት ሲጀምር ይህም እንደ ሌሎቹ አልስማማኝ አለ ብዬ ደመደምሁ። በሰሙነ ሕማማት መጨረሻ ከሐሙስ ማታ እስከ ትንሣኤ ሌሊት አከፈልሁ። ምግብ ስላልነበረ መድኃኒትም አልነበረም። ፋሲካን የዋልሁት እየዞረብኝ ነው፤ አንገቴን ባዞርሁ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካኝ ያህል ብልጭ ይላል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከበዓሉ በፊት ጠርተውኝ ነበር። «ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቹን ትረከቢያለሽ። የማይሆንልሽ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝና ቤተ ሙከራ ብቻ ልመድብሽ» አሉኝ። እኔ ማስተማር እፈልጋለሁ። መምህር ለመሆን ነው የተማርሁት። ነገር ግን ፋሲካ ባለፈ ሳምንት ቀጠሮዬ ደርሶ ሕክምና ክፍሉ ደጅ ስቀመጥ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዲቀይርልኝ፣ ኃላፊውም ቤተ ሙከራ እንዲመድቡኝ ልለምን ወስኜ ነበር።

አጠገቤ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ተቀምጣለች። ወረታ ከተማ ከባሏ ጋር ጨርቅ ትነግዳለች።

«ላንቺ ምኑን ነው የሚሰጡሽ?» አለችኝ፣ ገበያ መሀል እንዳለን ጮክ ብላ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኋት።

«እሱንማ ሞክሬዋለሁ። ወላሂ፣ ደንበኛ ፊት ቆሜ ሳዛጋ እውል ነበር! አሁን ፍሉኦክሰቲን ነው የምወስደው።»

«እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።»

«እኔን ሰው አደረገኝ።» ቦርሳዋን ከፍታ ፍሬዎቹን አወጣች። «በይ፣ ከዚህ ትንሽ ያዢና እንደገና ሞክሪው።»

«አይ፣ ሐኪም ሳያዘኝ አልወስድም።»

«ፈሪ!» ብላ ሳቀችና መልሳ ከተተቻቸው። «ጾሙን እንዴት አለፍሽው ታዲያ?»

ከምግብ በኋላ እያልሁ እንደ ቅዳሴው ርዝመት ስወስድ እንደ ከረምሁ ነገርኋት።

«ለሐኪሙ ነግረሽዋል?»

«አልጠየቀኝም።»

«አልጠየቀኝም ትላለች! እኔ ረመዳን ሳይገባ መጥቼ ጠይቄው፣ ሌሊት ለስሁር ተነሥቼ ስበላ እንድወስደው አደረገልኝ። ጿሚ መሆንሽን በምን ይወቅ? ግንባርሽ ላይ አልተጻፈ።» ማተቤን አየችና «አንገትሽ ላይስ አለ» አለች።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ያዘጋጀሁትን ልመና ተውሁና ጾሙን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርሁት። ሐኪሙ አልተቆጣም። መድኃኒቱ አልሠራም ለማለት በወጉ መወሰድ እንዳለበት፣ እንቅልፌን ያዛባው የሰዓቱ መለዋወጥ ሊሆን እንደሚችል፣ ማዞሩም በድንገት ከማቋረጤ የመጣ እንደሚመስለው ነገረኝ። ወደ ጠዋቱ መለሰው። ለሚቀጥለው ጾም አስቀድሜ እንድመጣ፣ የንስሐ አባቴንም እንዳማክር አሳሰበኝ።

«ክፍሉንስ ልተወው?» አልሁት።

«እሱን እኔ አላዝልሽም» አለ።

ኃላፊውን ቤተ ሙከራ ይመድቡኝ ብዬ ሳልለምን ቀረሁ። ክፍሉን የተረከብሁት ማዞሩ ጨርሶ ሳይተወኝ ነው። ጀርባዬን ለተማሪዎቹ ሰጥቼ ርእሱን ጻፍሁ፣ ዞርሁ፣ መናገር ጀመርሁ።

«ቲቸር፣ ድምፅ!» አለ አንዱ ከኋላ። «እዚህ ምንም አይሰማም!»

ጥቂቶቹ ሳቁ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። በሩ ቅርብ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ደገምሁት።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ይቀራል።»

ለሦስተኛ ጊዜ ስናገረው ድምፄ ሻከር ብሎ ወጣ። ልጁ አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ።