የልብስ ተኳሿ መልስ

አክስቴ ላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ ሃያ ዓመት ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ለማንም ሰው ፊት ለፊት «ቅር ብሎኛል» ብላ አታውቅም። ይሉኝታዋ አያድርስ ነው። ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ካውያዋን እየገፋች ትዘፍነዋለች። ግጥሙን ራሷ ትገጥማለች፣ ዜማውን ካገኘችበት ትወስዳለች። «ምን ማለትሽ ነው?» ሲሏት «እኔ ምን አልኩ? ዘፈን ነው» ብላ ቁጭ።

እኔም እዚያው ባንኮኒው ላይ ነው የምሠራው። አንድ በጋ አለቃችን ቬንትሌተራችንን ወደ ቢሮው ወሰደው። አክስቴ፦

እኔ እዚህ ስቀቀል ላቤ ሲንጠባጠብ፣
ጌታው በረዳቸው፣ ካፖርት ይደረብ።

ሰውየው ዜማው ጥሞት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያንጎራጉረው ከረመ። ቤቱ ሲዘፍነው የሰማች ሚስቱ ናት «አንተ ሞኝ፣ ይሄ እኮ ስላንተ ነው» ያለችው። በማግስቱ ቬንትሌተሩ ተመለሰ።

ጉዱ የመጣው ግን ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ በሚሠራው ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት አምስት ዓመት የሆነው ዝምተኛ ሰው ነው። ሰኞ ዕለት ሱሪ ሊያስተኩስ መጣና እኔ ባንኮኒው ላይ እያለሁ፣ «ልጄ እኔ ጋ መጥተህ ኑር ብላኛለች። ቅዳሜ እሄዳለሁ። አገባሃለሁ ካልሽኝ ግን እቀራለሁ» አላት።

አክስቴ አንገቷን ደፍታ አንዱን ሱሪ ሦስት ጊዜ ተኮሰችው። ገና ከመውጣቱ ግን፦

ሻንጣህን ክፈተው፣ ልብስህን አውጣ፣
አንተን የመሰለ ከወዴት ላምጣ።

እሺ ማለት ከዚህ በላይ ምን አለ? ማክሰኞ ደገመችው። ረቡዕ ድምጿን ከፍ አደረገች። ሐሙስ አጣቢዎቹ ተቀበሏት። አለቃችን አንዴ በዘፈኗ የተነካ ነውና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ሻንጣ የተባልኩት ደግሞ እኔ ነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ይንጣጣል እንጂ ሰውየው ጭጭ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሊሰናበተን መጣ። የአክስቴ ዓይን በለቅሶ አብጧል።

«ጋሼ፣ ጆሮህ ደህና ነው? ሳምንቱን ሙሉ እሺ ስትልህ አልሰማህም?» አልኩት።

«ሰኞውኑ ሰምቻለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ታዲያ?»

«በዘፈን ለመለሰች ሴት በዘፈን ነው የሚመለሰው ብዬ ነዋ። ከሰኞ ጀምሮ ስታገል አንድ መስመር ብቻ ወጣልኝ። ቤት የሚመታለት አጣሁ። በግማሽ ግጥም ፊቷ ከምቆም ብሄድ ይሻላል አልኩ።»

እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። «በል እሷኑ ዝፈናት» አልኩት።

ሻንጣውን አስቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዘይት ያጣ በር ነው፦

ለሰው ስሰፋ ኖርኩ የኔ ቤት ተቀዶ፣

እዚያው ላይ ቆመ። ላቡ ይወርዳል። አጣቢዎቹ ውሃውን ዘጉ። አክስቴ ካውያውን ከልብሱ ላይ አነሳችና ቀና አለች፦

«ዛሬ እገባለሁ፣ አያድርም ባዶ።»

አልዘፈነችውም። ዓይን ዓይኑን እያየች ተናገረችው።