የመርከቢቱ መርዶ

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ጋሽ ደምሴን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ መኪናው ተበላሽቶበት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ደምሴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ይጠግናል፤ ቅዳሜ ደግሞ ወደቡ ዳር ወርዶ የእሱ ያልሆነች መርከብ ይጠግናል።

መርከቢቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግረኛ ወታደር እየጫነች ጠላት የያዘው ጠረፍ ላይ ታራግፍ ነበር። ሆዷ ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋው ላይ ትወጣና ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ መወጣጫ ትዘረጋለች፤ ወታደሮቹ ሮጠው ይወርዳሉ፤ እሷ ወደ ኋላ ተስባ ሌሎችን ልታመጣ ትመለሳለች። ጦርነቱ ሲያልቅ ዓሣ ጫነች፣ ቀጥሎ እንጨት፣ ከዚያ ወዲያ የሚጭናት ጠፋ። በኋላ ጥቂት አሜሪካውያን ሽማግሌዎች ሙዚየም እናደርጋታለን ብለው ኦክላንድ ወደብ ላይ አሰሯት። ሙዚየሙ እስካሁን አልተከፈተም።

ደምሴ ደግሞ ምጽዋ ባሕር ኃይል ሳለ የሚሠራው የዚህችው ታናሽ እህት በምትመስል ጀልባ ላይ ነበር። ጦሩ ሲፈታ ወደ የመን ያሻገረችው እሷ ናት። ሁሉንም አውርዳ እዚያው ወደቡ ላይ ሰጠመች፤ ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ ማን ዞር ብሎ ያያታል? ስለዚህ የኦክላንዷን ዝገት ይፍቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ ውሃ የሚመጥላትን ፓምፕ በየሳምንቱ ፈታቶ ይገጥማል። ሚስቱ ጥሩዬ «ጣውንቴ» ነው የምትላት።

በዚህ ክረምት ልጃቸው ሳሌም ሳን ሆዜ ላይ ወሯ ሳይገባ ወለደች። ሕፃኗ እፍኝ የማትሞላ ነበረችና ማሞቂያ ውስጥ ገባች፤ ባልና ሚስቱም ሁሉን ትተው ሆስፒታል ከተሙ። ሰንብታ በረታችና ቤት ገባች። ጥሩዬ አራሷ ዘንድ ስትቀር ደምሴ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ድንግጥ ይላል።

እሱ በሌለበት ኦክላንድ ላይ የወረደው ዝናብ የዋዛ አልነበረም። ፓምፑ ቆመ፤ የሚፈታው ሰው ሳን ሆዜ ነበር። ደምሴ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ወደቡ ሳይወርድ፣ ነገሩን መጀመሪያ ያየው ጌታቸው ነበር፤ የዕድሩ ሊቀመንበርና የኡበር ሾፌር። ሰው አድርሶ ሲመለስ ወደ ወደቡ አንገቱን ቢያዞር ከመርከቢቱ የሚታየው ምሰሶዋ ብቻ ነው። በዕድሩ የለቅሶ ነገር ሁሉ አዋቂ ለሆኑት ለእትዬ የወርቅውሃ ደወለ።

«ደምሴን ኮል ላድርግለት?»

«አብደሃል? መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው እንጂ።»

«እትዬ፣ መርከብ እኮ ናት።»

«ጥሩዬ ጣውንቴ ስትላት አልሰማህም? ቤተሰብ ናት። ሰው ሰብስብ።»

ጌታቸው ለሁሉም ቴክስት አደረገ። በማግስቱ ማለዳ ከበርክሌም ከኤል ሴሪቶም ደምሴ ደጃፍ መጡ፤ ግማሹ ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቀም። እትዬ የወርቅውሃ ንፍሮ ቀቅለው ይዘዋል።

ደምሴ ጥርሱን እየፋቀ በሩን ሲከፍት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙ ሰዎች አየ። የጥርስ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። እሱ ራሱ በስንቱ ሰው በር ላይ እንዲህ ቆሟል።

«ሕፃኗ ናት?» አለ።

ስለ ሕፃን ያሰበ ስላልነበረ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ደምሴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ሳሌም ናት?»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ጌታቸው። «መርከቢቱ ናት። ሰጠመች።»

ደምሴ አላመነም። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ቀለል ያለውን እንደሚያስቀድም ያውቃል፤ እሱም ቢሆን የሞተውን ሰው «ትንሽ አሞታል» ሲል ኖሯል። ስልኩን አወጣ። ሳሌም አላነሳችም። ደግሞ ደወለ። አሁን ለቀስተኞቹም ፈሩ፤ እትዬ የወርቅውሃ ንፍሮውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«ዳዲ? ኢትስ ሲክስ ኢን ዘ ሞርኒንግ።»

«ልጅቷን አሰሚኝ።»

«ሺ ጀስት ፌል አስሊፕ።»

«ብትተኛም ቀስቅሻት።»

ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። ጥቂት ቆይቶ ቀጭን፣ ንዴት የተሞላ ለቅሶ ደጃፉን ሞላው። እትዬ የወርቅውሃ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ እልል አሉ።

ደምሴ ስልኩን ዘጋ። «ጌታቸው፣ አንተን ሌላ ቀን ነው የምገልህ» አለና ፊቱን በእጁ ጠረገ። «እስቲ አሁን ንገረኝ። ስትሰጥም አጠገቧ ሰው ነበር?»

«ማንም አልነበረም» አለ ጌታቸው።

ያን ጊዜ ደምሴ አለቀሰ፤ ለዚህችም፣ የመን ወደብ ላይ ዞር ብሎ ላላያትም። የሳቀበት የለም። እትዬ የወርቅውሃ አጠገቡ ተቀመጡና ንፍሮውን ማደል ጀመሩ።