የፍኖተ ሰላም ዋጋ በፈረስ ቤት ገበያ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የጌታዬን ጨው ለተፎካካሪያችን አርክሼ ሸጬ፣ ሴትዮዋን «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አመስግኜ ተመለስሁ። ከዚህ የባሰ ሞኝነት በንግድ ዓለም ካለ እሱንም ሳልሠራው አልቀረሁም፤ በፊት ግን ይህን ልንገራችሁ።

ዘመኑ ንጉሡ ሳሉ ነው። አቶ ስማቸው ፍኖተ ሰላም ላይ ሱቅ ነበራቸው። ጨው፣ ስኳር፣ ላምባና ሳሙና መኪና በራቸው ድረስ ያመጣላቸዋል፤ ከዚያ ወደ ደጋው በአጋሰስ ያስጭናሉ። እኔን የቀጠሩኝ ማባዛትና ማካፈል ስለምችል ነበር። ማሰብ እችል እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም።

በሚያዝያ አራት አጋሰስ ጨው ይዤ ደጋው ላይ ወዳለው ፈረስ ቤት እንድወጣ ታዘዝሁ። የጭነቱ አለቃ አያ ይግዛው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በዚያ አቀበት ላይ የጨረሱ ሰው። እሳቸው ይጭናሉ፣ ያራግፋሉ፤ እኔ ዋጋ ቆርጬ እሰፍራለሁ። አቶ ስማቸው ዋጋውን እዚያው ጠይቅ ብለውኝ ነበር። ምን ይጠየቃል አልሁ። ጨው ጨው ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ጣሳው ስሙኒ ከሆነ ፈረስ ቤትም ስሙኒ ነው።

ገበያው መሐል ቆሜ «በፍኖተ ሰላም ዋጋ» እያልሁ ጮህሁ። ሰዉ ተግተለተለ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩኝ። አያ ይግዛው ጎኔን ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ እስቲ ዞር ዞር በልና ሌላው ስንት እንደሚል ስማ» ቢሉኝ፣ እርስዎ አጋሰሱን ይጠብቁ ብዬ መለስኋቸው።

የገበያው ጨው ነጋዴ እትዬ ጠጂቱ እጃቸውን አጣጥፈው ሲያዩኝ ቆዩ። ኋላ መጡና የቀረኝን ሁለት ጭነት ጠቅልለው ገዙኝ። ምራቂ እንኳ አልጠየቁም። የዋህ ሴት፣ ይህን ሁሉ ጨው ምን ሊያደርጉት ነው ብዬ አዘንሁላቸው።

አቶ ስማቸው ገንዘቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ገንዘቡን አዩ። አልተቆጡም።

«አጋሰሶቹ ደመወዝ አይቀበሉም» አሉ። «ገብስ ግን ይበላሉ። ገብሳቸውን ማን ሊከፍል ነው?»

የጫኞቹን ድካምና የኬላውን ቀረጥ ሳይጠይቁኝ በፊት አንገቴን ደፋሁ። ሐምሌ ላይ ሁለት አጋሰስ ጨው እንደሚሰጡኝ፣ ያጎደልሁትን ካልመለስሁ ወደ ሱቁ ድርሽ እንዳልል ነገሩኝ። ያን ሥራ ካጣሁ የሚጠብቀኝ ያባቴ እርፍ ነበር። ከእርፍ ጋር እንደማንስማማ እኔም እሱም እናውቃለን።

እስከዚያው ሱቅ ውስጥ እየጠረግሁ ጆሮዬን ከፈትሁ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ፣ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ስኳር ይረክሳል፣ እናንተ ምነው ብሎ ተነጫነጨ። አቶ ስማቸው ስኳሩን መመዘናቸውን ሳያቋርጡ፣ «እሱ አሁኑኑ በእጁ ይቀበልሃል፤ እኔ በርበሬህ እስኪደርስ እጠብቅሃለሁ። ከኔ የምትገዛው ስኳርና ትዕግሥት ነው» አሉት። ሰውየው ትዕግሥቱንም ጨምሮ ወሰደ።

ሐምሌ ገባ፣ ከአያ ይግዛው ጋር ወጣን። መንገዳችን ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ ነበርና እስኪጎድል ዳር ላይ ሰፈርን። ጨው ጭጋግ ሲያገኘው ያለቅሳል። ከፊተኛው ጭነት የሚንጠባጠበውን የኋለኛው አጋሰስ እየላሰ ተከተለ፤ ከሁላችንም ደስ ብሎት የተጓዘው እሱ ነው።

ፈረስ ቤት ስደርስ ዋጋውን ሰማይ ሰቀልሁት። አንድ ገበሬ አተኩሮ አየኝና፣ «አንተ ያ የፍኖተ ሰላም ዋጋ አይደለህም?» አለ። ለካስ ስሜ እሱ ሆኖ ኖሯል። ገበያው በሙሉ የገዛ ጩኸቴን ይጮህብኝ ጀመር፤ በስሙኒ ካልሆነ የሚገዛ ጠፋ። ዝናቡም ወረደ። ጨዉ ከሥሬ ይቀልጣል፣ ሥራዬም አብሮት።

እትዬ ጠጂቱ ከሣር የተሠራ የዝናብ ገሳቸውን ደርበው መጡና ቤታቸው ወሰዱኝ። ሚያዝያ ላይ የሸጥሁላቸው ጨው ከምድጃው በላይ በስልቻ ተሰቅሏል፤ ጢስ አጥቁሮታል፣ ግን ደረቅ ነው።

«እስካሁን እንጨት እየማገድሁ አቆየሁት» አሉኝ። «ሰዉ ጨውሽ ተወደደ ይለኛል። የተወደደው እንጨቱ ነው።»

እኔ ብከስር ለእርስዎ አይሻልም ወይ አልኋቸው።

«አንተ ከቀረህ ይህ ሲያልቅ ማን ያመጣልኛል? ደግሞ ያኔ በርካሽ ሸጠህ አጉርሰኸኛል» ብለው ሳቁ።

ገበያው ላይ ተመልሰው ቆሙልኝ። «የሚያዝያው ጨው በደረቅ መንገድ መጣ፤ ይኸኛው ወንዝ ተሻግሯል። በስሙኒ የሚፈልግ ፍኖተ ሰላም ወርዶ ይግዛ፤ ወንዙን እኔ አሳየዋለሁ» አሉ። እኔ ከሰቀልሁት ዋጋ ዝቅ፣ ከፍኖተ ሰላሙ ከፍ አድርገው ቆረጡ። ያ ስም ያወጣልኝ ገበሬ ወንዙን አስቦ መሰለኝ፣ መጀመሪያ አቁማዳውን የዘረጋው እሱ ነው። ጨዉ አለቀ፤ ያጎደልሁትም ተመለሰ። አቶ ስማቸው ገንዘቡን አንድ ጊዜ ብቻ አይተው መጥረጊያውን ለሌላ ሰጡት።

ከዚያ ወዲያ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ነገድሁ። የቡሬን በርበሬ ወደ ደጋ አወጣሁ፣ የደጋውን ድንች ወደ ቡሬ አወረድሁ፤ በሁለቱም ቦታ ሌባ ተብያለሁ። የተማርሁት ይህ ነው፦ ያንድ ዕቃ ዋጋ ከሱቅ ሱቅ፣ ካገር አገር የሚለያየው መንገዱ፣ አየሩና የሚቆይበት ጊዜ ስለሚለያይ ነው። ዋጋ ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ያን የሐምሌ ቀን ከፈረስ ቤት ስመለስ ዝናቡ አልቆመም ነበርና እትዬ ጠጂቱ ገሳቸውን ከትከሻቸው አውልቀው አለበሱኝ፤ ስትመለስ ታመጣዋለህ ብለው። በበጋ ስሄድ ረሳሁት። በክረምት ስሄድ ለብሼው እወጣለሁ፤ ዝናቡ ሲያባራ አውልቄ እሰጣለሁ እላለሁ፣ ደጋ ላይ ደግሞ አያባራም። እሳቸው አርፈዋል። ገሳው ጓዳዬ ተሰቅሏል፤ አንገቱን አይጥ በልቶታል። ልጃቸው ዛሬም እዚያው ገበያ ጨው ትሸጣለች። ለኔ ሲሆን ከሰው ሁሉ አስወድዳ ትሰፍርልኛለች። ምክንያቱን ጠይቄያት አላውቅም፤ ገሳውን እያሰብሁ ከፍዬ እሄዳለሁ።