ጎማ የሌለው የሞተር ማንሻ

የባሌን ታላቅ ወንድም ሳየው ጥርሴን ያመኛል። ለወሬ ማሳመሪያ ብዬ አይደለም፤ የግቢያችንን የብረት በር በመኪና ቁልፉ ጫፍ ቀጭ ቀጭ ሲያደርገው መንጋጋዬ በራሱ ይገጥማል። ባሌ ካረፈ ወዲህ ከቢሾፍቱ እየተነሳ አዳማ የሚመላለሰው እናቱን ለመጠየቅ ነው ይባላል። እናቱ፣ አማቴ ማለት ነው፣ የሚኖሩት እኔ ጋ ነው። «የደብረ ዘይት ብርድ አይስማማኝም» ይላሉ። እውነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የትልቁ ልጃቸው ሚስት አንድ ቀን እንኳ አልጋ አንጥፋላቸው አታውቅም። እሱም ሲመጣ እናቱን ለይስሙላ ጉንጫቸውን ስሞ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ጋራዡ ነው። ሞተሩን ለማየት።

ሞተሩ የባሌ ነበር። አሁን የእኔ ነው እንዳልል ሊብሬው የተጻፈው በወንድምየው ስም ነው። ባሌ በወንድሙ በኩል ነበር የገዛው፤ ስም ማዛወሩን ዛሬ ነገ ሲል ሳያዛውር ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ወንድምየው ዐይኑን በጨው አጥቦ «የወንድሜ መታሰቢያ ነው፣ ልውሰደው» አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ጸለዩ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ ፈረዱ። ሞተሩ እሷ ጋ ይቆይ፣ እንጀራዋ ነው፤ ግን በደንብ እስከያዘችው ድረስ። ካበላሸችው ባለ ሊብሬው ይውሰደው። ያቺን «በደንብ እስከያዘችው ድረስ» የምትለዋን ነገር ያስገባት እሱ ነው። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁለት።

እኔ ከብት አዳቃይ ነኝ፤ የኮርማ ዘር ይዤ እዞራለሁ። ከአዳማ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ገበሬዎች ላማቸው ኮርማ ስትፈልግ ይደውሉልኛል። ላም ደግሞ ቀጠሮ አትሰጥም። ጠዋት ከጮኸች እስከ ማታ ካልደረስኩላት ጊዜዋ አለፈ፤ ገበሬውም ሁለተኛ አይጠራኝም። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር የሚደርሰው አለቃ ለወደደው ሰው ነው፣ አለቃ ደግሞ እኔን አይወደኝም። ስለዚህ ያ ሞተር ከሄደ እኔ ቢሮ ተቀምጬ የሌላ ሰው ሪፖርት ስገለብጥ መዋሌ ነው። ከዚያስ ሶደሬ ወርጄ አዞ ባልብ ይሻለኛል።

እንግዲህ በደንብ መያዝ አለብኝ። መካኒክ ጋ እንዳልወስደው አንዴ ወስጄው አይቻለሁ። ፍሬኑን እንዲያዩልኝ ትቼው ብሄድ ደህናውን ካቴና ፈትተው ያለቀ ካቴና አስገብተው መለሱልኝ። ብጮህባቸው «እህቴ፣ ያው ነው እኮ» አለኝ ሰውየው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ያው አይደለም። ካቴናውን ባሌ ሲገጥመው አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ እንኳን ካቴናውን ድምፁን አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የሰው እጅ አይነካውም፣ ራሴ ቤቴ እሠራዋለሁ አልኩ።

ሞተር ለብቻ ለመሥራት የኋላ ጎማው ከመሬት መነሳት አለበት። እኛ አገር ይሄ የሚደረገው በቢራ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑን ሞተሩ ሆድ ሥር ወሽቀው ሁለት ጎረምሳ በግራና በቀኝ ይደግፉታል። እኔም ከመንገድ ማዶ ካለው ግሮሰሪ ባዶ ሳጥን ለምኜ በጠራራ ፀሐይ ተሸክሜ ገባሁ። ለካ ጎረቤቴ አይታኛለች። እሁድ መጋቢው ከፕሮግራም በኋላ ለብቻዬ ጠርተው፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሐዘኑን በምን እንደማስታግሰው በለሆሳስ ጠየቁኝ። ሳጥኑን መልሼ ወረወርኩላቸው፣ ለባለ ግሮሰሪው ማለቴ ነው፤ ለመጋቢውማ ፈገግ ብዬ «ጌታ ይመስገን» ነው ያልኩት። 

ከዚያ ማንሻ መፈለግ ጀመርኩ። ሱቅ ያለው ማንሻ ከውጭ የሚመጣው ነው፤ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እግሩ ላይ ትንንሽ ጎማዎች ያሉት። ሻጩ «ለባልሽ ነው?» አለኝ። «ለራሴ» ስለው ዋጋውን ትቶ ጥቅሙን ያስረዳኝ ጀመር፣ ቀስ እያለ፣ ለሕፃን እንደሚነግር። ጥዬው ወጣሁ። ደግሞም ጎማ ያለው ነገር ለእኔ ጋራዥ አይሆንም። አዳማ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከተራራው ወርዶ ግቢ ለግቢ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ሰፈራችን ውስጥ ወለሉን ሲሚንቶ የሚያስለብስ ሰው ሁሉ ሆን ብሎ ወደ በሩ ያዘቀዝቀዋል፣ የገባው ውሃ እንዲወጣ። የእኛም እንደዚያ ነው። እኔ ጋራዥ ውስጥ ሽንኩርት ቢያመልጣችሁ የምታገኙት ከበሩ ውጭ ነው።

ስለዚህ ወደ በያጅ ሄድኩ። ልኬቱን ንገሪኝ ሲለኝ አልነግርም፣ መጥተህ ወለሉን እየው ብዬ ጎትቼ አመጣሁት። ሲለካ ሲለካ ቆየና «ቤት ውስጥ ወንድ የለም እንዴ?» አለኝ።

«አለ፣ ቢሾፍቱ። ከፈለግከው ውሰደው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አፉን ይዞ ሠራ። ከወፍራም ቱቦላሬ ብረት በየደው፤ እግሩ ሰፊ፣ ጎማ የሌለው፣ ወደ በሩ የሚዞረው እግር ከሌላው ረዘም ያለ፣ ሥሩ ላይ እንዳይንሸራተት ካረጀ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ የተለጠፈበት። እጀታውን አስረዘምኩት፣ ኪሎዬ ትንሽ ስለሆነ። መልኩ አስቀያሚ ነው። ግን መጀመሪያ የፊት ፍሬኑን በላስቲክ አስሬ፣ ሞተሩን በግራ እጄ ደግፌ፣ እጀታውን በእግሬ ስረግጠው የኋላ ጎማው ብድግ አለ፣ በአየር ላይ ቆመ። ጎማውን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ዞረ። ብቻዬን ሳቅኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ካቴናውን አጸዳለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ። አማቴ የፕላስቲክ ወንበራቸውን የጋራዡ ደፍ ላይ አስደርገው ቁጭ ብለው ያዩኛል። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ የበያጅ እጅ ሆነ እኮ» ይሉኛል። አንዳንዴ ጨርቁን ያቀብሉኛል። እወዳቸው ነበር፣ ይሄን መካድ አልችልም።

አንድ ቅዳሜ ያ የባሌ ወንድም መጣ። እጁ ላይ ምን ይዟል፣ ቀዩን ማንሻ፣ ጎማ ያለውን። አዲስ አበባ ሄጄ ለአንቺ ብዬ ያመጣሁት ነው አለ። የእኔን ማንሻ በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ «ይሄ ቁርጥራጭ ብረት ሞተሩን ይገድለዋል፤ በደንብ መያዝ ይሄ ነው?» ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ጋሼ የምለው አማቴን አክብሬ እንጂ እሱን አክብሬ አይደለም።

«ጋሼ፣ ወለሉ ያዘቀዝቃል። ጎማ ያለው ነገር አይቆምበትም» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ መሐንዲስ ሆንሽ?»

«ቢያንስ የፊት ፍሬኑ ይታሰር።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የእኔን ማንሻ አውጥቶ ወደ ጥግ ገፋው፣ ቀዩን ከኋላ አስገባ፣ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበና ተጫነው። ሞተሩ ተነሳ። እሱም ዞር ብሎ እናቱን አያቸው፣ እንዲያደንቁት። አማቴም ፈገግ አሉለት። ያን ጊዜ ሞተሩ ከነማንሻው ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ። እኔ ልይዘው ስሮጥ እሱ እንደ ፌንጣ ወደ ኋላ ዘለለ። ሞተሩ በአማቴ ወንበር አጠገብ አልፎ የጋራዡን የብረት በር መትቶ ሲወድቅ መንደሩ ሁሉ ሰማ። መሪው ተጣመመ፣ የነዳጅ ታንከሩ ጎኑ ገባ፣ ቤንዚኑ በዚያ ባዘቀዘቀ ወለል ላይ ወደ ደጅ ወረደ።

ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅኩ፣ እውነቴን ነው። እሱ ግን ስልኩን አወጣና ፎቶ አነሳ። ሞተሩን አነሳ፣ ከጥግ ያለውን የእኔን ማንሻም አነሳ። ቀዩን መኪናው ውስጥ መልሶ ከተተው። ያኔ ነው የገባኝ፣ ለሽማግሌዎቹ «አበላሸችው» ሊል ነው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ፎቶውን ቀድመው አይተውታል። እኔ የሆነውን እንደሆነ ተናገርኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ አንደኛው እጁን እያወዛወዘ «ረጋ በይ እህቴ» አለኝ። የባሌ ወንድም ግን ረጋ ብሎ ዋሸ፤ ሊጠይቀን መጥቶ ሞተሩን ወድቆ እንዳገኘው፣ ሊያነሳልኝ እንደሞከረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ወደ አማቴ ዞሩ።

«እማማ፣ እርስዎ እዚያው ነበሩ። ማን ነው የጣለው?»

አማቴ ልጃቸውን አዩት። እኔን አላዩኝም። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እሷ ናት» አሉ። «እሱማ ሊረዳት ነው የመጣው።»

 ምን ይባላል? ሽማግሌዎቹ ጸልየው ዘጉት። በጸሎቱ ውስጥ ለእኔ ትዕግሥት ተለመነልኝ።

ሰኞ ጠዋት አይሱዙ ይዞ መጣ። ሞተሩን ሁለት ሰው አንስቶ ጫነው፣ በገመድ አሰረው። እናቱን ጉንጫቸውን ሳመ፣ «ራስሽን ጠብቂ እማዬ» አለና ሄደ። አቧራው ሳይጠፋ ስልኬ ጮኸ። ከደራ በኩል ያለ ደንበኛዬ ነው። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ላሟ ከንጋት ጀምሮ እየጮኸች ነው፣ መቼ ትደርሻለሽ?» አለኝ። ዛሬ አልደርስም፣ ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት። ሁለተኛ እንደማይደውል አውቃለሁ።

አማቴ ጋራዡ ደፍ ላይ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፣ ሰምተውኛል። ባዶውን ወለል እያዩ «ልጄ ነው» አሉኝ። «አንዱን እግዚአብሔር ወሰደብኝ። የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎንም ከሞተሩ ጋር ለምን አልጫነዎትም?» አልኩ።

 ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ሳቡ፤ እኔ አላዘንኩም። ፀሐይዋ ወንበራቸው ላይ ደርሳ ነበር። ወደ ቤት መግባት ፈልገው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጉልበታቸው ታሟል፣ ብቻቸውን መቆም አይችሉም። እኔም እጄን አጣምሬ ቆሜ አየኋቸው፣ እጃቸው ዝሎ እስኪወርድ ድረስ። ከዚያ አነሳኋቸው፤ ሌላ የሚያነሳቸው የለም።