የሙሽራዋ ግራ ትከሻ

ልብስ ሰፊዋ አርባ ዓመት ሲሞላት፣ እንኳን አደረሰሽ ያላት በጆሮ ማዳመጫዋ የሚመጣ ድምፅ ብቻ ነበር። የድምፁ ባለቤት በስልክ የተዋወቀችው ሰው ነው፤ ሩቅ ከተማ ይኖራል፤ በአካል አይታው አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነጩ ጨርቅ ላይ ጋደም ስትል ድምፁም አብሯት ይገባል። የስፌት መኪናው ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ ያንሾካሹካል፤ እሱ ያወራል፤ እሷ ትሰፋለች። አንዳንዴ እግሯ ውኃ ላይ የሚራመድ ይመስላታል።

በተዋወቁ በአራተኛው ወር «የኔ፣ ከወደድሽኝ ምን ትደብቂኛለሽ?» ብሎ የደንበኞቿ መልእክት የሚመጣበትን የኢንተርኔት ገጿን የይለፍ ቃል ጠየቃት። የራሱንም ሰጣት። እሷ ግን የሱን ገጽ አንድ ቀን እንኳ ከፍታ አላየችውም።

ታላቅ እህቷ ስትሰማ ሳቀች። «አንቺ፣ መልኩን እንኳ ሳታዪ ቤትሽን አስረከብሽው?»

«የምደብቀው የለኝማ።»

«ባል ሳይኖርሽ ቀናተኛ ባል አገኘሽ! ጉድ እኮ ነው።»

የክር ነጋዴው በማለዳ ስለጻፈላት ድምፁ ተቆጣ፤ ነጋዴውም በማግስቱ ከገጿ ተሰርዞ ተገኘ። ለምን ዘግይተሽ መለስሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ፣ እያለም ይጠይቃት ጀመር። እሷ ሁሉንም እንደ ናፍቆት ቆጠረችው። ብዙ ዘመን ለብቻው የኖረ ሰው፣ የሚቆጣጠረው ሁሉ የሚያስብለት ይመስለዋል መሰለኝ።

ያን ሰሞን የሙሽራ ቀሚስ ይዛ ነበር። የሙሽራዋ ግራ ትከሻ ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ከልጅነቷ ጀምሮ በሻርፕ ስትሸፍነው ኖራለች። ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ ስስ ስፖንጅ ልታስገባለት፣ ነገሩም በሁለቱ መካከል ሊቀር ተስማሙ። ለልኬቱ እንዲሆን ሙሽራዋ ትከሻዋን ፎቶ አንስታ በዚያው ገጽ ላከችላት።

አንድ ከሰዓት ድምፁ ሳቀ። «ያቺ ጎባጣ ሙሽራሽ እንዴት ሆነች? ለጓደኞቼ ባሳያቸው በሳቅ ፈረሱ!»

የስፌት መኪናው ቆመ። «የማንን ፎቶ ነው ያሳየኸው?»

«ያንቺ ገጽ ላይ ያለ ያንቺ አይደል? ያንቺ ደግሞ የኔ ነው።»

ክፍሉ ያው ነው፤ ፀሐይዋም እዚያው ጨርቁ ላይ ናት። ግን ግድግዳው ሁሉ ዓይን ያበቀለ መሰላት። የምደብቀው የለኝም ስትል የራሷን ብቻ ነበር ያሰበችው።

በማግስቱ ሙሽራዋ ለመጨረሻው ልክ መጣች። ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። «ቀሚሱን ለሌላ ሰፊ ብትወስጂው አልቀየምሽም» አለቻት።

ሙሽራዋ ፊቷ ቀላ። «እኔን ጎባጣ አለኝ» አለች። «አንቺንስ ምን ብሎ ይጠራሻል፣ እትዬ?»

«‹የኔ› ነው የሚለኝ።»

«ስምሽስ?»

ልብስ ሰፊዋ አሰበች። ስሟን የጠራበት ቀን ትዝ አላላትም።

«አሁንም ገጽሽ ውስጥ መግባት ይችላል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? የይለፍ ቃሉን ቀይሪው እንጂ!»

ሙሽራዋ ስልኩን አቀበለቻትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አላይም። ለኔም እንዳትነግሪኝ።»

ልብስ ሰፊዋ የአዲሱን የይለፍ ቃል ፊደሎች አንድ በአንድ ነካች። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። አላነሳችውም።

«ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም» አለች ሙሽራዋ ሳትዞር።

«አውቃለሁ።»

«ፎቶዬ እሱ ጋ እንዳለ እያወቅሁ ነው የማገባው።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲርገበገብ ሙሽራዋ ሻርፗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችና ክንዶቿን ዘረጋች።

«በይ ለኪኝ።»